ላንድክሩዘር 75 ላይ ሞተር ማስቀየር፦ እጃቸው ወርቅ፣ ሂሳባቸው እሬት

ለጥር በዓላት ከሜልበርን አዲስ አበባ ለምትገቡና የቤተሰብ ላንድክሩዘር ግቢ ውስጥ ቆሞ ለሚጠብቃችሁ ነው የምጽፈው። ሥራው የድሮው ኤች ጄ 75 ላይ ያለውን 2ኤች ሞተር አውጥቶ 1ኤችዜድ ማስገባት ነበር። የተባለው 10 የሥራ ቀን፣ የፈጀው 31 ቀን። የተከፈለው ደግሞ ከተስማማነው ሲሶ ያህል በልጦ ነው። መኪናው ዛሬ ይሄዳል፣ ያውም በደንብ። ጋራዡን አልረግምም። ጣጣው የመጣው ጋራዥ ከመገባቱ በፊት፣ ሞተር ሲገዛ ነው።

መጀመሪያ ለምን መቀየር እንዳስፈለገ። 2ኤች ክፉ ሞተር አይደለም። 3,980 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ታይሚንጉ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚጠብቀው) በቤልት ሳይሆን በጥርስ የሚዞር፣ ሰው እስኪሰለቸው የሚሠራ ነው። ግን ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ለ1ኤችዜድ ቦታውን ከለቀቀ ጀምሮ ዕቃው እየጠፋ ሄዷል። 1ኤችዜድ 4,164 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱ ከ105 ፈረስ ገደማ ወደ 130 ገደማ ያድጋል፣ ዕቃውም የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ የቆመውን ማስነሳት የሁሉም ሐሳብ ሆኗል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ይጥላል። ሜልበርን ላይ የነዳችሁትን 1ኤችዜድ እንጦጦ ዳገት ላይ አትጠብቁ። «የናፍጣ ፖምፓውን ትንሽ እንክፈትልህ» ሲሏችሁም እንቢ በሉ። አየር በሌለበት ናፍጣ ሲጨመር ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው የሚሆነው። የዚህ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ደግሞ ሙቀት አይወድም፣ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ቁስሉ። ሻጮች «1ኤችዜድ ነው፣ ያው ነው» ይላሉ። ዋናው አካል፣ ብሎኩ፣ ያው ነው፤ በላዩ የተንጠለጠለው ግን ያው አይደለም። ይህ ሞተር ላንድክሩዘር 75ቱ ላይ፣ 80ው ላይ፣ 105ቱ ላይ፣ ከዚያም 78ና 79 ላይ ገብቷል። ከ80 የወጣ ሞተር የዘይት ኮፓው፣ የሱፖርቶው (ሞተሩ የሚያርፍበት) መያዣና ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚያገናኘው ደወል መሰል ቅርፊት ከ75ቱ ይለያሉ። 80ው የራሱ ካምቢዮ አለው፤ 75ቱ ላይ ያለው ኤች 55 ኤፍ የሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ነው። እንዲህ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ከኤች ዜድ ጄ 75 (ከፋብሪካ 1ኤችዜድ ይዞ ከመጣው 75) የወጣ ቅርፊት፣ ከነቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ክብ ብረት)፣ ከነፍሪሲዮኑና ፍሪሲዮኑን ከሚያስለቅቀው ሹካ ጋር ፈልጎ፣ የነበረውን ካምቢዮ በእሱ ማሰር ነው። የ2ኤች ቅርፊት የብሎን ቀዳዳው ስለማይገጥም አይረዳም። የኔው ግዢ ያለ ቅርፊት የመጣ የ80 ሞተር ነበር። ጋራዡም ቅርፊት ከመፈለግ ይልቅ ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) ወስዶ በመሃል የሚገባ የብረት ሰሌዳ አስቆረጠ።

ይህ ሰሌዳ ነገር ሁሉንም የሚያበላሽ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። አንደኛ፣ የሰሌዳው ውፍረት ካምቢዮውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሁለት ሳንቲሜትር ከሆነ፣ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ በሁለት ሳንቲሜትር ያጥርና ቮላኖው መሃል ያለችው ትንሿ ኩሺኔታ ውስጥ በወጉ አይቀመጥም። የኋላው የኃይል ዘንግ ማጠር፣ የፊተኛው መርዘም ይኖርበታል፣ የማርሽ እንጨቱም የወለሉን ጠርዝ መንካት ይጀምራል። ሁለተኛውና የባሰው መሃል አለመግጠሙ ነው። የሞተሩ መሃልና የካምቢዮው መሃል በሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ውስጥ መገናኘት አለባቸው። ይህንን ቦታ የሚይዙት ብሎኖቹ አይደሉም፣ በፋብሪካ የተመቱት ሁለቱ ቁልፍ ፒኖች ናቸው። በካርቶን ተለክቶ በተበሳ ሰሌዳ ይህ አይገኝም። ምልክቱ ይታወቃል፦ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፣ ከዚያ የመግቢያው ኩሺኔታ ያፏጫል፣ በመጨረሻ ካምቢዮው ማርሽ ይተፋል። በዚህኛው መኪና ማፏጨቱ በሦስተኛው ቀን ጀመረ። ካምቢዮው እንደገና ወረደ፣ ሰሌዳው ተጣለ፣ ኩሺኔታ ተገዛ፣ ትክክለኛው ቅርፊትም ያኔ ተፈልጎ በአራት ቀን ተገኘ። አራት ቀን! መጀመሪያ ቢፈለግ ኖሮ ሃያ ቀን ይተርፍ ነበር።

የሂሳቡ ነገር ደግሞ ይህ ነው። ሰሌዳው ተከፈለ፣ የቶርኖ ቤቱ ተከፈለ፣ ቅርፊቱ ተከፈለ፣ ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ሁለት ጊዜ ተከፈለ። ለራሳቸው ስህተት እጃቸውን አያስከፍሉም ብዬ የጠበቅሁት የዋህነቴ ነው መሰል። «ጋሼ፣ ሰሌዳውን እኮ የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ» ሲባል፣ «ልጄ፣ ዕቃው ከሌለ ምን እናድርግ» ነው መልሱ። በመሃል መብራት ይጠፋል፣ ቶርኖው ይቆማል፣ ጥምቀት ይመጣል፣ ከዚያ «ነገ ይነሳል» ይባላል። ሜልበርን ቢሆን ዋጋውን በወረቀት ይሰጣሉ፣ ከዚያ ሲያልፍ ደውለው ያስፈቅዳሉ፤ የሞተር ለውጡንም ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አይቶ ይፈርምበታል። እርግጥ የዚያ አገር የአንድ ሰዓት እጅ ዋጋ እዚህ የስንት ቀን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ደግሞም እዚያ መፍቻ ብሎኩ ላይ ደግፎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ «ሦስተኛው ኖዝል ነው» የሚል ሰው አላየሁም። እዚህ አለ፣ ልክም ነበር።

ኤሌክትሪኩ ላይ የሚሳሳቱበት ቦታ ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ መኪናው 12 ወይም 24 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ። ሁለት ባትሪ ስላለው ብቻ 24 አይደለም፤ ጎን ለጎን ከታሰሩ 12 ነው። ከዚያ ሞተሪኖው (ማስነሻው)፣ ዲናሞው፣ ካንዴሌታዎቹ (ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቁት) እና የናፍጣ መዝጊያው ቫልቭ ሁሉም ከመኪናው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። አንዷ ብትለይ ትቃጠላለች ወይም በወጉ አትሠራም። 2ኤች ሲጠፋ ፖምፓውን የሚዘጋው ኤዲክ የሚባል ትንሽ ሞተር ነው። 1ኤችዜድ ግን ሮታሪ ፖምፓ ነው ያለው፣ ቫልቩ መብራት ሲያገኝ ይከፍታል፣ ሲያጣ ይዘጋል። ስለዚህ የድሮው የኤዲክ ሽቦ ይቀርና ቁልፉ ሲከፈት ብቻ መብራት የሚሰጥ አንድ ሽቦ ወደ ቫልቩ ይሳባል። የኛዎቹ ከባትሪው በቀጥታ ሳቡት፤ ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። አንድ ሽቦ ነው፣ ግን ግማሽ ቀን በላ።

ቫኩም ፓምፑ ከሞተሩ ጋር መምጣቱንም እዩ። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ለፍሬን አጋዥ የሚሆን ቫኩም ራሱ አያወጣም፤ ፓምፑ ከሌለ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል።

ታይሚንጉ ላይ ጠበቅ በሉ። ከ2ኤች ለመጣ ሰው ቤልት ባዕድ ነው። 1ኤችዜድ ላይ ቤልቱ በየ100,000 ኪሎሜትሩ ይቀየራል፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ የቤልቱን ዕድሜ የሚያውቅ የለምና ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ቤልቱንና አጥባቂውን ቀይሩ፣ መክፈቱ ያን ጊዜ ቀላል ነው። አዲሶቹ መኪናዎች ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ያበሩላችኋል። የ2ኤች ዳሽቦርድ ይህ መብራት የለውም፣ ስለዚህ የተቀየረበትን ኪሎሜትር ኮፈኑ ውስጥ በቀለም ጻፉ።

ሞተሩን ሳትገዙ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር የሚጨምቁበት ግፊት) ይለካ። ከፍታው ንባቡን ስለሚያወርደው ቁጥሩ ከመጽሐፉ ቢያንስ አትደንግጡ፤ ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፣ ከ5 ኪሎ በካሬ ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ሞተሩ ሲሠራ አረፋ እየወጣ ከሆነ ቴስታታው ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮኑ) ሄዷል፣ ጥላችሁት ሂዱ። ራዲያተሩ ታጥቦ ይግባ፣ የፋኑ መከለያም ከአዲሱ ፋን ጋር መሃል ይገናኝ፤ ብዙ ጋራዥ መከለያውን ቆርጦ ይጥለዋል፣ ከዚያ «ይሞቃል» ይባላል። የማቀዝቀዣውን እውነት የሚያወጣው ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው የዓባይ በረሃ ዳገት ነው። ዕቃ ጭናችሁ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ መርፌውን እያያችሁ ውጡት። ይህኛው መርፌው ግማሹን አላለፈም። ለዚህ ብቻ ለብየዳውና ለሱፖርቶው ሥራ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ሻሲው ላይ አዲስ የተቀመጡት መያዣዎች የተበየዱበት መስመር የሚታይ ውበት አለው።

ለሻጩ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ ሞተሩ ከየትኛው ሞዴል እንደወጣ፣ ቅርፊት፣ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ሱፖርቶ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ቫኩም ፓምፕ፣ የመሪ ፓምፕ፣ ከነሽቦው። ከ75 የወጣ ከነካምቢዮው ካገኛችሁ ውድ ቢመስልም እሱን ግዙ።

የሊብሬው ጉዳይ አጭር ነው፣ ግን አውሮፕላናችሁን ያስቀራል። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ ካልተስተካከለ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ይያዛል። የሞተሩን የግዢ ደረሰኝና የገባበትን የጉምሩክ ወረቀት ከሻጩ በዚያው ቀን ተቀበሉ፣ «በኋላ እልክልሃለሁ» አይሠራም። መኪናው በአባት ወይም በእህት ስም ከሆነ ውክልናው ቀድሞ ይለቅ። ቁጥሩ የተመታው ብሎኩ ላይ ነው፤ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከገባ በኋላ ኮፈን ስር ተደፍቶ በባትሪ መብራት ማንበብ አሳር ነው።