ትንፋሽ ያልተቆረጠበት አልበም፦ የፋርማኮን «ቤስቲያል በርደን»

የፋርማኮን «ቤስቲያል በርደን» በትንፋሽ ይጀምራል። ዜማ የለም፣ ግጥም የለም፤ አንዲት ሴት አየር ትስባለች፣ ታስወጣለች፣ አስወጥታ ሳትጨርስ ደግሞ ትስባለች። የሚበቃትን አየር እንዳላገኘች ያስታውቃል። ከሥሩ ወፍራም ጉምጉምታ እየገነነ ይመጣል። «ቫክዩም» የተባለው ይህ መክፈቻ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ሲያልቅ ግን የገዛ ደረቴ ተጨናንቆ አገኘዋለሁ። ስንት ጊዜ ሰምቼውም አልለመድኩትም።

እኔ የምተዳደረው ድምፅ በማረም ነው። የተቀዳ ንግግርና ዘፈን ይመጣልኛል፤ ቀኑን ሙሉ በሄድፎን እያዳመጥኩ ትንፋሹን እቆርጣለሁ፣ ምራቅ የተዋጠበትን ቦታ አጠፋለሁ፣ «ፕ» እና «ጵ» ማይኩን ሲመቱት የሚወጣውን ጉምታ አለዝባለሁ። ሥራው ባጭሩ ድምፁ ሥጋ ከለበሰ ሰው የወጣ መሆኑን ማስረሳት ነው። ስለዚህ ይህን አልበም ስሰማ እጄ ለመቁረጥ ይነሳል። እኔ ከሰው ድምፅ ላይ ለቅሜ የምጥለውን ነው እሷ ሰብስባ ሙዚቃ የሠራችበት።

ፋርማኮን ባንድ አይደለም። ከስሙ ጀርባ ያለችው የኒውዮርኳ ማርጋሬት ቻርዲየት ናት፤ ጩኸቱም፣ ሲንተሳይዘሩም፣ ብረቱም፣ መድረኩም የእሷ የብቻዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 «አባንደን» የተባለ አልበሟን የብሩክሊኑ አሳታሚ ሴክርድ ቦንስ አወጣላት። ቀጥሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓን እየዞረች ልትጫወት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ሐኪሞች ሰውነቷ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ትልቅ እጢ አገኙባትና በአስቸኳይ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ጉዞው ቀረ፤ ለሳምንታት አልጋ ላይ ዋለች። አካሏ ከሐሳቧ ተለይቶ በራሱ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ፣ የከዳት ሌላ ፍጡር ሆኖ እንደተሰማት በኋላ ተናግራለች። በ2014 የወጣው ይህ አልበም የዚያ አልጋ ፍሬ ነው። ሽፋኑ ላይ የሚታየው የራሷ ገላ ነው፤ ላዩ ላይ ጥሬ ሥጋና የእንስሳ ሆድ ዕቃ ተደርድሮበታል። ለማስደንገጥ ብቻ የተነሳ ፎቶ የሚመስለው ታሪኩን ለማያውቅ ነው።

ፋርማኮን የመጣችበት፣ ኢንዱስትሪያል የሚባለው የጫጫታ ሙዚቃ ስሙን ያገኘው እንግሊዛውያኑ ትሮቢንግ ግሪስል በ1976 ካቋቋሙት ኢንዱስትሪያል ሬከርድስ ነው። ከዚያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋይትሃውስን የመሳሰሉት መጡና የሲንተሳይዘር ፉጨትና የሰው ጩኸት ብቻ ይዘው ቀሩ፤ ፓወር ኤሌክትሮኒክስ ተባለ። በዚህ መስመር ጩኸቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ነው። አንድ ሰው ማይክ ጨብጦ ይሳደባል፣ ይዝታል፣ አድማጩን ሊያሸማቅቅ ይሞክራል። እኔን ከዘውጉ ለዓመታት ያራቀኝ ይኸው ነው። ዛቻ ቶሎ ይለመዳል፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስትደርስ ሰውየው የሚቀጥለውን ምን እንደሚል ታውቀዋለህ። የጃፓኑ ሜርዝባው የሚያቆመው የጫጫታ ግድግዳ በበኩሉ ያስደንቀኛል፤ እዚያ ውስጥ ግን ሰው አላገኘሁም። ቻርዲየት አቅጣጫውን አዞረችው። የምትጮኸው በገዛ አካሏ ላይ ነው። የሚያጠቃውም የሚጠቃውም አንድ ሰው ሲሆን አድማጭ ቆሞ የሚያይበት ዳር ያጣል፤ የአልበሙ ኃይል እዚህ ላይ ነው።

«ኢንተንት ኦር ኢንስቲንክት» ከስምንት ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ከባድ ምት በዝግታ ይወርዳል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ደግሞ ይወርዳል። ድምጿ የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ እስኪገባ ድረስ ያለው ጥበቃ ከጩኸቱ ይከብዳል። ቀጥሎ «ቦዲ ቢትሬይስ ኢትሴልፍ» አለ፤ ምቱ የሰልፍ እርምጃ ያህል ጥብቅ ነው፣ ጩኸቱ ግን ከምቱ ጋር አይሰለፍም። ይህን ያደረገችው አስባበት ይመስለኛል፤ መቀላቀያው ላይ ሁለቱን ማስማማት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን አጭሩ «ፕሪሚቲቭ ስትራግል» ነው። የልብ ትርታ ከሚያህል ድብድብታ በላይ ሳልና ትንታ ብቻ፣ አለፍ ሲልም ለማስታወክ መታገል። ማረሚያ ሶፍትዌሬ ላይ ከፍቼ አየሁት። ሳል ስክሪን ላይ ሲታይ እንደ ሚስማር ቀጥ ብሎ ይነሳና ወዲያው ይወድቃል፤ እኛ የምናወጣውም በዚህ ቅርጹ ለይተን ነው። ከሳሉ በኋላ የሚመጣው አየር የመሳብ ድምፅ ግን ዝቅ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜ በምት ይዋጣል። እዚህ አልተዋጠም፤ ከፍ ተደርጎ ከፊት ተቀምጧል። አንድ ሰው ታንቆ ከተረፈ በኋላ የሚስበውን ያን የመጀመሪያ አየር ነው የምትሰሙት። ብዙ ኖይዝ (የጫጫታ ሙዚቃ) ሠሪዎች ሳሉን ይቀዱ ነበር፤ መሳቡን ግን መኖሩንም ልብ የሚሉት አይመስለኝም። ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ለዚህች ውሳኔ ነው።

የማልወደውም አለ። «ኦቶኢሚዩን» በራሱ ቢሰማ ጥሩ ነው፤ ከ«ፕሪሚቲቭ ስትራግል» ቀጥሎ ሲመጣ ግን ወደተለመደው ድብደባ የመመለስ ያህል ነው፤ የተከፈተው ቁስል በከበሮ ተሸፈነ። ቃላቱም በዲስቶርሽን፣ ማለትም ሆን ተብሎ በሻከረ ድምፅ፣ ተውጠዋል። ጻፈቻቸው እንጂ ልትለዩአቸው አትችሉም፤ እኔ ቢያንስ አንድ ሁለቱ ጥርት ብለው እንዲወጡ እመኝ ነበር። አንዳንድ ቅጂዎች መጨረሻ ላይ ደግሞ ሼር በ1966 የዘፈነችው «ባንግ ባንግ» በእሷ ድምፅ ተጨምሯል። አዘፋፈኗ አያስከፋም፤ ቦታው ግን አይደለም። የአልበሙ መዝጊያ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ነው። እዚያ መሳቅ ትጀምራለች፤ ሳቁ ከልቅሶ የማይለይበት ደረጃ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሰው ዘፈን ሲገባ የተሠራውን ያፈርሰዋል። ማጫወቻችሁን ከስድስተኛው ዘፈን በኋላ አቁሙት።

አሰማሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በተጨመቀ ፋይል አትስሙት። ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ነው። የዘፈን ዜማ ተደጋጋሚነት ስላለው በትንሽ ዳታ ይያዛል፤ ጫጫታና ትንፋሽ ግን አይደጋገሙም፣ ዳታው ሲያንስ ቀድመው የሚበላሹት እነሱ ናቸው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ብቻ በሚይዝ ፋይል ስሞክረው «ቫክዩም» ላይ ያለው ትንፋሽ ውሃ ውሃ አለኝ፤ የጉሮሮው ሻካራነት ጠፋ፤ አልበሙም አብሮት ጠፋ። ፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይጥል የሚጨምቅ ፋይል) ወይም ሲዲ ይሻላል። ሸክላውም ጥሩ ነው፤ ችግሩ መርፌው ወደ መሃል ሲጠጋ ከፍተኛ ድምፆችን በደንብ ማንበብ ያቅተዋል፣ የመዝጊያው ዘፈን ደግሞ ያለው እዚያው መሃሉ ጋ ነው።

ድምፁን ስለ መክፈት ደግሞ፦ ይህ ሙዚቃ ካልጮኸ አይሰማም የሚሉትን አትስሟቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ለሠራተኛ የሚመክረው ጣሪያ በ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ነው፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቁጥሩን ተከትላችሁ ብትወጡ 97 ዴሲቤል ላይ የሚቀራችሁ 30 ደቂቃ ነው። ይህ አልበም ደግሞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚያ ከፍታ አንድ ጊዜ ከሰማችሁት የቀኑን የጆሮ ድርሻችሁን ጨረሳችሁ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ ካለ ተጠቀሙበት። ዝቅ አድርጋችሁ በጸጥታ ቦታ ስትሰሙት እንዲያውም የአተነፋፈሱ ዝርዝር ይወጣላችኋል፤ ጩኸቱ ሲመጣም የሚነሳበት ቦታ አለው። ያገኘኋቸውን ነገሮች አብዛኞቹን ያገኘኋቸው በዝቅተኛ ድምፅ ነው።

በመድረክ ሌላ ነገር ነው፤ በቪዲዮ እንዳየሁት የብረት ላሜራ ላይ ኮንታክት ማይክ ትለጥፋለች። ኮንታክት ማይክ ከአየር ላይ ድምፅ አይለቅምም፤ የተጣበቀበትን ብረት ንዝረት ነው ወደ መስመሩ የሚያስገባው። ላሜራው ሲመታ ውስጡ የሚሆነው ሁሉ ይወጣል። እሷ ማይክ ይዛ ሕዝቡ መካከል ትገባለች፣ ሰው ፊት ለፊት ቆማ ዓይን ዓይኑን እያየች ትጮኻለች። አልበሙ ላይ ያለው ቅርበት ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ይገባል።

ለሁሉም ሰው ግን አልሰጥም። ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ድንገተኛ ጭንቀት የሚይዘው፣ ወይም በቅርቡ አጠገቡ ሰው ታንቆ ሲተነፍስ የሰማ ሰው፣ «ቫክዩም»ንና «ፕሪሚቲቭ ስትራግል»ን ባይነካቸው እመክራለሁ። ውስጣቸው ማስመሰል የለም፤ ሰውነት ደግሞ የሚሰማው ቀረጻ መሆኑን አያውቅም። ደህና ከሆናችሁና ከዚህ በኋላ ምን ልስማ ካላችሁ፣ «አባንደን»ን አቆዩትና የ2019ኙን «ዴቮር» ያዙ። የሸክላውን እያንዳንዱን ገጽ ሳታቋርጥ በአንድ ትንፋሽ የቀዳችው ነው፤ እንደ እኔ ያለ አራሚ መቀሱን የሚያስገባበት ክፍተት አልተወችም።