ጅማ ላይ ፍሪዘር ለተበላሸበት ሁሉ፦ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሂርማታ አካባቢ ትንሽ የፍሪጅ ጥገና ሱቅ ያላቸው አባት አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። የከተማው ሥጋ ቤትና ካፌ ሁሉ ያውቃቸዋል። ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ የምትሠሩ ግን ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው አይመስለኝም። የምጽፈውም ለእናንተ ነው።

ያተረፉልን ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ላባችን የሚያጠናው ሰውነት ቅባትን እንዴት እንደሚጠቀም ነው። ለዚህ ሥራ ሊፖፕሮቲን ሊፔዝ የሚባል ኢንዛይም አለን። ጮማ በልታችሁ ስትነሱ ቅባቱ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ፣ ካይሎማይክሮን በሚባሉ ጥቃቅን እሽጎች ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ይህ ኢንዛይም ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሆኖ እሽጉ ውስጥ ያለውን ትራይግሊሰራይድ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ወይ ለጡንቻ ጉልበት ይሆናል፣ ወይ ይጠራቀማል። ኢንዛይሙ የማይሠራላቸው ሆነው የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች አሉ። ደማቸው ሲቀዳ ወተት የገባበት ይመስላል፣ ቆሽታቸውም እየተቆጣ ያሠቃያቸዋል።

እኛ ጋ ያለው ሪኮምቢናንት ነው። የሰው ጂን የገባላቸው ሴሎች ላብ ውስጥ እያደጉ ያመረቱት ማለት ነው። ለምርምር ብቻ ነው፣ ለሕክምና አይሰጥም። ከውጭ ይታዘዛል፤ በደረቅ በረዶ ታሽጎ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ። ዋጋውን ተዉት። ጠባዩም ስስ ነው። ሙቀት ከነካው ቅርጹ ይፈታል። ቱቦውን አንስታችሁ ብታዩት ፈሳሹ ያው ነው፣ መቁረጡን ግን ትቷል። ለዚህ ነው በትናንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ማይነስ 80 ላይ የሚቀመጠው። ቀልጦ እንደገና መርጋት አይወድም።

እንግዲህ የዚህ ፍሪዘር ቁጥር እየወጣ እየወጣ ማይነስ 60 ላይ ደረሰ። ቀድሞ የመጣው ጠጋኝ ጀርባውን እንኳ ሳይከፍት «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎን ሄደ። ለማይነስ 80 የሚሆን ኮምፕረሰር ደግሞ እንደ ቤት ፍሪጅ ዕቃ ከሱቅ አይገዛም። ሆዴ ተንቦጫቦጨ።

ጋሼ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ማሽኑ አልነበረም። «ውስጡ ያለው ምንድነው ልጄ? እስከ ስንት ዲግሪ ይችላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በሩን ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቁ። ከዚያ ክላምፕ ሜትራቸውን አውጥተው የሁለቱንም ኮምፕረሰር አምፒር ለኩ። እንዲህ ዓይነት ፍሪዘር ሁለት ኮምፕረሰር አለው። አንደኛው ሁለተኛውን ያቀዘቅዛል፣ ውስጡን እስከ ማይነስ 80 የሚያወርደው ሁለተኛው ነው። አንደኛው ሙቀቱን ማስወጣት ካቃተው ሁለተኛው ምንም ጤነኛ ቢሆን አቅም ያጣል። የኛም ችግር ይኸው ነበር። የፊቱን ፍርግርግ ሲያነሱ ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል። ከጎናችን ሕንጻ እየተሠራ ነው። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ክፍል፣ የኮንደንሰሩን፣ ፋን በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይዞር ቆመ። «አየሽ፣ ኮምፕረሰሩ ምንም አልሆነም፤ አየር ነው ያጣው» አሉኝ።

ሱቅ ሄደው ለልኩ የሚሆን የፋን ሞተር ይዘው ተመለሱ። ማጣሪያውን አጠቡ፣ የኮንደንሰሩን ክንፎች በብሩሽ አንድ በአንድ ጠረጉ፣ ፍሪዘሩን ከግድግዳው ራቅ አደረጉት። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ይሄዳሉ ብዬ ነበር። አልሄዱም። ወንበር ስበው ማይነስ 75 እስኪል ጠበቁ። ጠዋት ደግሞ ራሳቸው ደውለው «አደረ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አንዷን ቱቦ አውጥተን ፈተንናት። ሲቆረጥ የሚያበራ ቅባት አለ፤ ያንን ከኢንዛይሙና አፖሲ ቱ ከሚባለው አነቃቂ ፕሮቲን ጋር ደባልቀን ብርሃኑን የሚለካው ማንበቢያ ማሽን ላይ አስቀመጥነው። መስመሩ ልክ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ወጣ። ላቡ ውስጥ እልል ያለችው እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ሒሳብን በተመለከተ፣ ሥራ ሳይጀምሩ ቁርጡን ይናገራሉ። የወሰዱት የፋኑንና የእጃቸውን ብቻ ነው። የወጣውንም ዕቃ ሳልጠይቃቸው አስረክበውኛል። ማይነስ 80 ብቻ ሳይሆን የክትባት ፍሪጅም፣ የካፌ ፍሪጅም ይሠራሉ። አርብ የምትፈልጓቸው ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ይሁን። ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።