ስምንት ማክሰኞ ማታ ከነቢዩ ኢሳይያስ ጋር

እስራኤል የምንኖር የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል ነን። ልጄ ወታደር ነው። ከሐኑካ በፊት ለሰንበት እረፍት ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። በጥሩ ዕብራይስጥ የሚናገር ሰው ነው። «ራቮቹ (የአይሁድ መምህራን) የደበቁብህ ምዕራፍ» ይላል፤ ስለ ኢየሱስ የተነገረ ነው የሚለውን ኢሳይያስ 53ን ማለቱ ነው። ልጄ ዞር ብሎ «ኢማ፣ ኢሳይያስ 53ን ለምን ደበቁብን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ።

በሳምንቱ እዚህ ረሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ፣ መስጊዳችን (የአይሁድ ጸሎት ቤታችን) በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ሚስዮኖች ከታናኽ (ከዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ) ለሚጠቅሷቸው ጥቅሶች አይሁድ የሚሰጡትን መልስ የሚያስተምር ኮርስ፣ በአማርኛ፣ ስምንት ማክሰኞ ማታ። ዋጋው 200 ሼቄል፣ ለጡረተኛ ግማሽ። ተመዘገብኩ፣ አንድም ማታ ሳልቀር ጨረስኩ። ልግባ አልግባ ለምትሉ ያየሁትን ልንገራችሁ። ግቡ። የሚስተካከል ነገር ግን አለው።

መምህሩ ኢትዮጵያ ተወልዶ እዚህ ያደገ ወጣት ነው። መንገዱ አንድ ነው። ጥቅሱን ያነብና «አሁን ከላይና ከታች ያለውን እንይ» ይላል። ሚስዮኖች «ድንግል ትፀንሳለች» እያሉ ለኢየሱስ መወለድ የሚጠቅሷትን ኢሳይያስ 7፥14ን ብቻዋን ስሰማት ኖሬያለሁ። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ስናነበው ግን ሌላ ታሪክ ሆነ። ንጉሥ አካዝ ፈርቷል። የሶርያው ረአሶንና የሰማርያው ፋቁሔ ኢየሩሳሌምን ሊወጉ መጥተዋል። ነቢዩ ምልክት ይሰጠዋል፤ ልጁ ክፉንና ደጉን ሳይለይ የሁለቱ ነገሥታት አገር ባዶ ይሆናል ይላል ቁጥር 16። ከ700 ዓመት በኋላ የሚወለድ ልጅ ለአካዝ ምን ይጠቅመዋል? መምህሩ ይህን ጠይቆ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን።

ከዚያ ወደ ቃሉ ገባ። ዕብራይስጡ «ዓልማ» ይላል፣ ወጣት ሴት ማለት ነው። ድንግልናዋን ለይቶ መናገር ሲፈልግ ታናኽ «በቱላ» የሚል ቃል አለው። ይህን እያስረዳ ሳለ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ የቤተ እስራኤል ካህን፣ ተነሡ። ነጭ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና በቃላቸው አወረዱት፦ «ናሁ ድንግል ትፀንስ»። ከዚያ «ልጄ፣ የኛው መጽሐፍ ድንግል ነው የሚለው። አባቶቼ ያነበቡት ይህንን ነው። ምን ልበል?» አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ለእኔ የኮርሱ ልብ እዚህ ጋ ነበር። በሌላ አገር ያለ አይሁዳዊ ይህ ችግር የለበትም፤ ዕብራይስጡን ይዞ ይመልሳል። እኛ ግን ለዘመናት ያነበብነው በግዕዝ ነው። ግዕዙ የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። ግሪኩ ደግሞ እዚህ ቦታ «ፓርቴኖስ» ይላል፣ ድንግል ማለት ነው። ሚስዮኑ የጠቀሰው ጥቅስ በቄሳችን እጅ ያለው መጽሐፍ ውስጥም አለ ማለት ነው።

መምህሩ አልሸሸም። «አባ፣ እርስዎ በትክክል ነው ያነበቡት» አላቸው። ከዚያ ዘፍጥረት 34ን በግሪኩ አሳየ። ሴኬም ዲናን ካስነወራት በኋላ፣ ቁጥር 3 ላይ፣ ያው ፓርቴኖስ የሚለው ቃል ለእሷ ተጽፏል። ስለዚህ ግሪኩ ራሱ ቃሉን ሁልጊዜ በጠባቡ አልተጠቀመበትም። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ ዋሻ ውስጥ የተገኘውን፣ ኢየሩሳሌም ሙዚየም ያለውን የኢሳይያስ ጥቅልል ፎቶ አወጣ። ቄሱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠጉ። በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሄ፣ ዓይን፣ ላሜድ፣ ሜም፣ ሄ። «ሃዓልማ» አሉ ቀስ ብለው። «መጽሐፋችን የመጣበትን መንገድ ዛሬ አየሁ። እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የማነበው።»

ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ ስተርን የሚባል የለንደን ሚስዮን ወደ አገራችን ሲመጣ ራሱ አይሁዳዊ ሆኖ የተወለደ ሰው ነበር። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1862 የኛው መነኩሴ አባ ማሃሪ ሕዝባችንን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ሲነሱ ሚስዮኖቹ ያመጡት ጭንቀት አንዱ ምክንያት ነበር። ብዙዎች በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ ቀሩ። ከኔም ዘመዶች ቅድመ አያቶቻቸው ስለተጠመቁ ዛሬም ጎንደር ሆነው ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ የሚጠብቁ አሉ። ያኔ ጥቅሱን ከላይና ከታች የሚያነብላቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ እላለሁ።

ኢሳይያስ 53 ሦስት ማታ ወሰደ። አልበዛም። «ተደብቋል» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ በሰንበት የሚነበበው ሐፍታራ ከነቢያት ጥቂቱ ብቻ ነው፣ አብዛኛው አይነበብም፣ ምዕራፉ ግን በየቤታችን ባለው ታናኽ ውስጥ አለ። ከዚያ «ባሪያዬ» የተባለውን ከ41 ጀምሮ ተከተልነው። 41፥8 እስራኤል። 44፥1 እስራኤል። 49፥3 «አንተ ባሪያዬ ነህ፣ እስራኤል»። አንድ ወጣት ግን 49፥6ን አነሣ። ባሪያው እስራኤልን የሚመልስ ከሆነ እንዴት ራሱ እስራኤል ይሆናል? መምህሩ ከተንታኞቹ አንዳንዶቹ እዚያ ላይ ነቢዩን ራሱን እንደሚያዩ፣ ሌሎች ደግሞ በሕዝቡ ውስጥ የጸናውን ወገን እንደሚሉ ተናገረ። ጥያቄውን ስላላጣጣለው አከበርኩት።

ሚስዮኖች ባሪያው ሕዝቡ ነው የሚለውን ትርጉም የአይሁድ ተንታኙ ራሺ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የፈጠረው ነው ይላሉ። የክርስቲያኑ ሊቅ ኦሪጀን ግን በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ አይሁድ ያንኑ ትርጉም እንደነገሩት ራሱ ጽፏል። መምህሩ ታርጉም (ጥንታዊው የአራማይክ ትርጉም) «ባሪያዬ መሲሕ» እንደሚልም አልደበቀም፤ መከራውን ግን ከመሲሑ ላይ አንስቶ ወደ ሌሎች እንደሚያዞር አሳየን።

ስለ አይሁዱ ሊቅ ስለ ራምባን የነበረው ማታ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1263 ባርሴሎና፣ በንጉሥ ሃይሜ ፊት፣ ከአይሁድነት ከወጣው ከፓብሎ ክርስቲያኒ ጋር የተከራከሩት ነገር ነው። ነቢያት ሰይፍ ማረሻ ይሆናል ብለዋል፣ ዓለም ግን ዛሬም ዓመፅ ሞልቶበታል አሉ ራምባን። ንጉሡም 300 ዲናር ሰጣቸው። ሚስዮኖች ስለ አዲስ ኪዳን የሚጠቅሱት ኤርምያስ 31 ግን በአሥር ደቂቃ አለቀ። አዲሱ ኪዳን ከእስራኤልና ከይሁዳ ቤት ጋር መሆኑ ተነገረን፣ በቃ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መዝሙር 22 ላይ፣ ስለ እጆቼና እግሮቼ የሚለው ቦታ፣ ተድበስብሷል። የተለመደው ዕብራይስጥ «ካአሪ» ይላል፣ እንደ አንበሳ። ግዕዙ «ቀነዉኒ» ይላል፣ ቸነከሩኝ። መምህሩ ግሪኩ «ቆፈሩ» እንደሚል ነገረን። በይሁዳ በረሃ የተገኘ ጥንታዊ ቁራጭ ግን የዚያ ቃል መጨረሻ በዮድ ሳይሆን በዋቭ እንደሚነበብ፣ ማለትም «እንደ አንበሳ» ሳይሆን ወደ ግሪኩ «ቆፈሩ» እንደሚጠጋ አልነገረንም። ልጄ ነው ኢንተርኔት ላይ ያገኘው። ሚስዮኖች ያውቁታል፤ እኛም ከመምህራችን መስማት ነበረብን።

ሌላው የታደለን የትምህርት ወረቀት ነው። በዕብራይስጥ ብቻ የተጻፈ፣ ፊደሉም ደቃቅ። እናቶች እንዴት ያንብቡት? የቁጥሩ ልዩነትም አልተጻፈም። በታናኽ 22 የሆነው መዝሙር በግዕዙ ዳዊት 21 ነው። ሽማግሌዎቹ ሩብ ሰዓት ሲያገላብጡ ቆዩ።

አንድ ማታ የመጣው እንግዳ መምህር ደግሞ በክርስቲያኖች ሲያላግጥ ከፋኝ። ጎንደር ሳለን ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ነበሩ። ያስከፉን አሉ፣ በክፉ ቀን የደረሱልንም አሉ። እምነታችንን ለመጠበቅ የሰው እምነት መናቅ አያስፈልገንም። በእረፍት ሰዓት ነገርኩት፣ ሰማኝ።

የሚቀጥለው ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው። ታናኻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የግዕዝ ዳዊት ያላችሁም እንደዚሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፤ ጉልበት የሚያማችሁ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። እህቴን አስመዝግቤያለሁ። ልጄ አርብ ደውሎ «49ን ጨረስኩ» አለኝ። ሰንበት ሲመጣ 50ን አብረን እንጀምራለን።