ታድሶ የሚሸጥ ካራቫን ለቡና ለቃሚ ማደሪያ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ጅማና ዙሪያዋ ቡና ያላችሁ ሁሉ ይህን ልብ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሳ የሚሸጡ አሮጌ ተጎታች ካራቫኖች (ጎማ ያላቸው የመኖሪያ ክፍሎች) ቀለም ተቀብተው «ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ ስምንት ለቃሚ የሚያሳድር» እየተባሉ በመሸጥ ላይ ናቸው። ገበያው የሚደራው መስከረም ላይ ነው፤ ለቀማው ጥቅምት ስለሚገባ ሁሉም ሰው የሠራተኛ ማደሪያ ፍለጋ ይጣደፋል።

አጎቴ አጋሮ አጠገብ ላለው ማሳቸው አንዱን ገዙ። ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከአዲስ አይለይም» ብሎ የዋጋውን ግማሽ በቀብድ ተቀበላቸው። ሲመጣ በእርግጥም ያምራል፦ ውጩ ነጭ ቀለም፣ ግድግዳው አዲስ ኮምፔርሳቶ፣ ወለሉ አዲስ ፕላስቲክ ምንጣፍ። የመጀመሪያው ጠንከር ያለ ዝናብ እንደጣለ ግን ከመስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ አበጠ። ኮምፔርሳቶውን ነቅለን ስናየው ከኋላው ያለው እንጨት እንደ ራሰ ዳቦ በጣት ይፈረፈራል። አሮጌው ስፖንጅም ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል። አዲሱን የቸነከሩት በሰበሰው ላይ ነው!

የብዙ አሮጌ ካራቫን ግድግዳ ከውጭ ስስ አልሙኒየም፣ መሃሉ የእንጨት ማገርና ስፖንጅ፣ ከውስጥ ስስ ጣውላ ነው። ውሃ የሚገባው በጣሪያው መጋጠሚያና በመስኮቱ ዙሪያ፣ ማሸጊያው ደርቆ ሲሰነጠቅ ነው። አልሙኒየሙ አይበሰብስም፤ ስለዚህ እንጨቱ አልቆም ውጩ ደህና ይመስላል። በአሮጌ ሲሊከን ላይ አዲስ ሲሊከን መቀባት ብዙ አይዘልቅም፣ አይያያዝምና። እውነተኛ እድሳት ማለት አሮጌውን ፍቆ ማንሳት፣ የበሰበሰውን ማገር መቀየር፣ ከዚያ ማሸግ ነው። ይህ ብዙ ቀን ይወስዳል፣ ስለዚህ አይሠሩትም።

መበስበሱስ በገንዘብ ይመለሳል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነው። ዝናብ እንዳይገባ ብለው የጣሪያውን አየር መውጫ በፎም ደፍነውታል። የጅማ ሌሊት በለቀማ ወቅት ይበርዳል፤ ደክሞት የገባ ለቃሚ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ይተኛል። የከሰል ጭስ ባይታይም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። መብራቱም እንዲሁ ነው። ለ12 ቮልት የተዘረጋውን አሮጌ ሽቦ ከ220 ቮልት ጋር በፕላስተር ጠምጥመው አገናኝተውታል። ብሬከር የሚባል፣ ችግር ሲፈጠር መብራቱን ራሱ የሚያቋርጥ ነገር አላየንም። ግድግዳው ደግሞ እርጥብ ነው።

ለማየት ስትሄዱ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሂዱ። በመስኮት ጥግና በወለሉ ዳር በአውራ ጣት ጫን በሉ፤ ከለሰለሰ በስብሷል። የፕላስቲክ ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን እዩ። ከሥር ገብታችሁ ሻንሲውን፣ ማለትም ካራቫኑን የተሸከመውን ብረት፣ በመዶሻ ነካ አድርጉ፤ ዝገቱ በስቱኮ ተለስኖ ከሆነ ይረግፋል። አንድ ፓነል ይነቀልልኝ በሉ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ትታችሁ ውጡ። የኤሌክትሪክ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በቃል አትስማሙ፤ ምን እንደተቀየረ፣ ምን እንዳልተቀየረ በውሉ ላይ ይጻፍ፣ ደረሰኝም ያዙ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። አጎቴ በጽሑፍ አሳውቀዋል፣ ሻጩ «አይተው ነው የተረከቡት» እያለ ነው።

በእኔ እምነት በዚያ ገንዘብ ቆርቆሮ የለበሰ ጥሩ የጭቃ ቤት፣ መስኮትና ማብሰያ ያለው፣ ማሠራት ይሻል ነበር።

ገዝታችሁ ሰው ያስገባችሁ ካላችሁ ግን ዛሬ ማታ ሳይተኙ ከሰሉን አስወጡ፣ የተደፈነውን አየር መውጫ ክፈቱ፣ መብራቱንም ባለሙያ እስኪያየው ከዋናው አቋርጡት።