ዊትቢ ወይስ ስካርቦሮ? በእንግሊዝ፣ በሰሜን ዮርክሻየር ባሕር ዳር የት ማደር ይሻላል

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የሚመቹት ግን ለተለያየ መንገደኛ ነው። መኪና ከሌለዎት፣ ትንንሽ ልጆች ወይም ጉልበታቸው የደከመ ወላጆች ይዘው ከሆነ ስካርቦሮን ይምረጡ። ለታሪክ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ዊትቢን፣ ያውም አድረው።

ወደ ስካርቦሮ ከዮርክ ቀጥታ ባቡር አለ፤ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ እስከ ዮርክ ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዊትቢም የባቡር ጣቢያ አላት፤ ነገር ግን መደበኛው ባቡር የሚመጣው በሚድልስብራ በኩል ነው። ከዚያ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፣ በቀን የሚመላለሰውም ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከለንደን በጠዋት ተነሥቶ ማታ ሊመለስ ያስባል፣ ቀኑም በመንገድ ያልቃል። በስካርቦሮ መጥቶ ኤክስ 93 አውቶቡስ መያዝ ይሻላል፤ ዊትቢ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ለልጆች ስካርቦሮ ትበልጣለች። ደቡባዊው ዳርቻ ሰፊ አሸዋ አለው፣ ከባቡር ጣቢያውም በእግር ይደረሳል። ቁልቁለቱ የሚከብደው ሰው በገመድ በሚሳበው ሊፍት ይወርዳል። ጫጫታ የማይወድ ወደ ሰሜናዊው ዳርቻ ይሂድ።

ዊትቢም ጥሩ አሸዋ አላት። ከዚያ እስከ ሳንድሴንድ መንደር በባሕሩ ዳር 4 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይኬዳል። አደጋው የባሕሩ ሙላት ነው፤ ውኃው ተመልሶ ሲሞላ አሸዋውን ውጦ ሰውን ከገደሉ ጋር ያጣብቃል። የዕለቱን የሙላትና የጉድለት ሰዓት አይተው፣ ውኃው መሸሽ ሲጀምር ይነሡ፤ ሲመለሱ በላይኛው መንገድ ይምጡ።

በታሪክ በኩል ግን ዊትቢን የሚያህል የለም። በገደሉ አናት ላይ ያለው ገዳም እ.ኤ.አ. በ657 ሲመሠረት ወንድ መነኮሳትንም ሴቶችንም ያስተዳደረችው እመምኔት ሂልዳ ነበረች። በ664 ንጉሥ ኦስዊ የፋሲካ ቀን በአየርላንዶቹ ቀመር ይቆጠር ወይስ በሮማ በሚለው ክርክር ሲኖዶስ የሰበሰበው እዚሁ ነው፤ ለሮማ ፈረደ። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ወዲያው ይገባዋል። አሁን ቆሞ የሚታየው ፍርስራሽ ግን የሂልዳ ሕንጻ አይደለም፤ አብዛኛው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሠራ ነው።

ወደ ገዳሙ ከከተማው የሚወጣው 199 የድንጋይ ደረጃ ነው። የልጅ ጋሪ ይዘው አይሞክሩት። መኪና ያለው ዞሮ ከገዳሙ አጠገብ ካለው ማቆሚያ ይድረስ። ነፋሱ በበጋም ብርቱ ስለሆነ ጃኬት አይርሱ።

የስካርቦሮ ቤተ መንግሥት ምሽግም ቀላል አይደለም፤ የንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ግንብ በ1645 በመድፍ ተደብድቦ ግማሹ ወድቋል። ገዳሙንም ምሽጉንም የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የቅርስ ድርጅት ስለሆነ ሁለቱንም ለማየት ያሰበ ቤተሰብ የአባልነቱን ዋጋ ከተናጠል ቲኬቶች ጋር ያስላ። በብርዱ ወራት የመክፈቻ ቀናት ስለሚቀንሱ አስቀድመው ይመልከቱ።

ምግብን በተመለከተ ለጿሚና ለሙስሊም አንባቢ አንድ ነገር፦ በዮርክሻየር ብዙ የፊሽ ኤንድ ቺፕስ ቤቶች ዓሣውንም ድንቹንም የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ከማዘዝዎ በፊት በዘይት እንደሆነ ይጠይቁ፤ በዘይት የሚጠብሱም አሉ።

ስጦታ መግዛት ካሰቡ የዊትቢ ጄት አለ፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ከእንጨት የተለወጠ ጥቁር ጌጥ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ በ1861 ሲሞት ለሐዘን ስላደረገችው ገነነ። ጥቁር መስታወትን ጄት ብሎ የሚሸጥ ስላለ በእጅዎ ይዘው ይለዩት፤ መስታወት ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛልም፤ ጄት ቀላል ነው፣ ሲነኩትም አይቀዘቅዝም። ባልተለበጠ ሸክላ ላይ ሲፈተግ ቡናማ መስመር ይተዋል፤ ይህን ግን ጌጡን ስለሚጭር ሻጩ ራሱ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።