ውሃ አጋር ለፈረቃ ውሃ፦ ከአንድ ክረምት አጠቃቀም በኋላ

በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ስለሆነ የምንጠጣው በጄሪካን ያጠራቀምነውን ነው። ውሃው ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ቧንቧው የተሰነጠቀ እንደሆነም በዙሪያው ያለው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አተት በተነሣ ጊዜ (ኮሌራ ብሎ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር) ይህን ሰምቼ ረስቼው ነበር። ባለፈው ክረምት ታናሽ ልጄ በታይፎይድ ስትታመም ግን ውሃ አጋር የተባለውን ፈሳሽ ክሎሪን ገዛሁ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ ባለ20 ሊትሩን ጄሪካን ሞልቶ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ በክዳኑ ለክቶ መጨመር፣ መነቅነቅና 30 ደቂቃ መታገሥ። መጀመሪያ ልጆቹ ሽታውን ጠልተው አንጠጣም ብለው ነበር፤ ጥፋቱ ግን በግምት የጨመርኩት የእኔ ነበር።

ማፍላት ጀርም በመግደል ከክሎሪን እንደሚበልጥ አልክድም። ነገር ግን እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ለ3 ደቂቃ ያህል መንተክተክ አለበት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ አንድ ያልታጠበ ጣሳ ቢነከርበት መልሶ ይበከላል። ክሎሪን ግን ከፊሉ በውሃው ውስጥ ቀርቶ በኋላ የሚገባውንም ጀርም ስለሚገድል፣ ልጆች ቀኑን ሙሉ በሚቀዱበት ቤት ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

ድክመቱ የሚታየው ውሃው ደፍርሶ በሚመጣበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ክሎሪኑ ጀርሙን ከመግደሉ በፊት በጭቃው ላይ ያልቃል። ለእንዲህ ያለው ውሃ ቢሻን ጋሪ (በአፋን ኦሮሞ ‹ጥሩ ውሃ› ማለት ነው) የተሰኘውን ዱቄት እመርጣለሁ፤ ጭቃውን አርግቶ ወደ ታች ያዘቅጠዋል፤ የጠራውን ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ግን ጊዜና ሁለተኛ ባልዲ ይጠይቃል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ክሎሪን ስለማይገድለው፣ ጨቅላ ወይም የበሽታ መከላከያ ዐቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ማፍላቱ አይቀርም።

ሲገዙ ቀኑን ማየት ያስፈልጋል። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጠርሙስ ጊዜው ያለፈበት ከመሆኑም በላይ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ የተደረደረ ነበር፤ ክሎሪን ደግሞ ሙቀትና ብርሃን ያደክሙታል። አሁን ጠርሙሱን ከምድጃው አርቄ በቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ የተከፈተበትንም ቀን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ።