የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ሲመዘን፦ ዋናው ነገር የናሙናው አወሳሰድ ነው

የጨጓራ ካንሰር ሲጠረጠር ኢንዶስኮፒን የሚተካ ምርመራ የለም። ሲቲ ስካን በሽታው የት ድረስ እንደተሰራጨ ያሳያል፤ ገና የጀመረን ቁስል ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። የኢንዶስኮፒው በአፍ የሚገባ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ግን ቁስሉን አሳይቶ ናሙናም ቆርጦ ያመጣል። ለአገልግሎቱ ያለን ግምት ከፍ ያለ ነው። ጥራቱን የሚለየው ግን ከማሽኑ ይልቅ የሚይዘው እጅ ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፦ ከምርመራው በፊት ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ ውሃ ለ2 ሰዓት ይቆማል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በራሱ አያቋርጥ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ የካንሰር ቁስልን እንኳ ለጊዜው የዳነ ሊያስመስሉ፣ የሄሊኮባክተር ፓይሎሪን (ጨጓራን የሚያስቆጣ ባክቴሪያ) ምርመራም ሊያሳስቱ ይችላሉ። ባክቴሪያው የሚፈለግ ከሆነ ሐኪሙ ሲፈቅድ 2 ሳምንት ቀድሞ ማቆም ይገባል።

ጥሩ መርማሪ አረፋውንና ንፍጡን አጥቦ፣ ጨጓራውን በአየር ነፍቶ፣ እያንዳንዱን ጥግ ያያል። ይህ በ2 እና 3 ደቂቃ አያልቅም፤ 7 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። አጠራጣሪ ቁስል ካለ ከጠርዙም ከመሐሉም ቢያንስ 6 ናሙና ይወሰዳል። ከመሐሉ ብቻ ሲቆረጥ የሞተ ሥጋ ብቻ ወጥቶ «ካንሰር የለም» የሚል የተሳሳተ ውጤት ሊመጣ ይችላል።

ከጨጓራ ካንሰሮች 90 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከውስጠኛው ሽፋን የሚነሳው አዴኖካርሲኖማ ነው። ላውረን የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም በ1965 (እ.ኤ.አ.) በሁለት ከፍሎታል። አንጀት መሰሉ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከረጅም ዘመን የሄሊኮባክተር ብግነት በኋላ ይመጣል፤ እብጠት ወይም ቁስል ሆኖ ስለሚታይ ለካሜራው ይቀላል። ተበታኙ ዓይነት ግን አስቸጋሪ ነው። ሴሎቹ አንድ በአንድ በግድግዳው ውስጥ ሰርገው ሲገቡ ላዩ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጨጓራው ግን አየር ሲነፋ አይለጠጥም። እዚህ ላይ «ነጻ» (ካንሰር አልተገኘም) የሚል የናሙና ውጤት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጠለቅ ያለ ናሙና ወይም ከውስጥ የሚደረግ አልትራሳውንድ መታዘዝ አለበት።

የቀሩት ዓይነቶች ጥቂት ቢሆኑም ሕክምናቸው ፈጽሞ ይለያል። ማልት የሚባለው ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ሄሊኮባክተርን በሚያጠፋ መድኃኒት ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ጂስት የሚባለው ዕጢ ከሽፋኑ ሥር ስለሚያድግ ተራው የናሙና መቆንጠጫ አይደርስበትም፤ ብዙዎቹ ኢማቲኒብ ለተባለው መድኃኒት ምላሽ ይሰጣሉ። ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳው የኒውሮኢንዶክሪን ዕጢም አለ። ስለዚህ «ካንሰር ነው» ብቻ የሚል ሪፖርት አትቀበሉ፤ ዓይነቱን ጠይቁ። አዴኖካርሲኖማው የተሰራጨ ከሆነ የኸር2 (በካንሰር ሴሎች ላይ ሊበዛ የሚችል ፕሮቲን) ምርመራ መሠራቱንም ጠይቁ፤ መድኃኒቱ የሚመረጠው በእሱም ጭምር ነው።

የጨጓራ ቁስል ተገኝቶ ናሙናው ነጻ ከሆነም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ኢንዶስኮፒው ይደገም፤ ሕመሙ ጠፋ ተብሎ ቀጠሮው አይታለፍ።